«ታዲያ ምን ልዝራ?»
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያሽ አንድ ቁም ነገር ንገሪን» ሲሉኝ፣ «ስለ ማሳ ልናገር» አልኳቸው። ስልኩ ትንሽ ጸጥ አለ። «ስለ ማሳጅ?» አለኝ አንደኛው። «አይ፣ ገበሬ ስለሚያርሰው ማሳ ነው» አልኩት። በትሕትና ተስማማ፤ ግን ግራ እንደገባው ድምፁ ያስታውቃል። እናንተም «ሐኪሟ ምን ነካት?» ማለታችሁ አይቀርም። ትንሽ ታገሱኝ። የምነግራችሁ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቁር አፈር ላይ ስለሚዘራ አንድ ሰብል ነው። መሬቱን ይሸፍናል፣ ከብቱን ይቀልባል፣ በክፉ ዓመት ሰውንም ከሞት ያተርፋል። ስሙ ጓያ ነው። እኔ በሐኪምነት ዘመኔ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ትልቁን የሠራሁትም በእሱ ላይ ነው።

ቲቲፒን የማያስታውስ እዚህ የለም። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ተማሪን በቡድን አደራጅቶ ገጠር ማውረድ ወጉ ነው። ፍራሽና ምጣድ ተሸክመን፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ እየተጨቃጨቅን የወረድንበትን ጊዜ ስናወራ ሁላችንም እንስቃለን። እኔም ወደ ደንብያ ሜዳ የወረድኩት በዚያ መንገድ ነው። ኅዳር ነበር። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ታጭዷል፣ ሣሩ መድረቅ ጀምሯል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ጥቁሩ መሬት ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ አበባ ነክቶታል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። «እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው!» ብዬ ቆሜ አየሁ። አብሮን የነበረው የሳኒቴሽን ተማሪ የአካባቢው ልጅ ነበር። «እሱ ጓያ ነው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ጥቂት እንደሄድን በማሳው ዳር አንድ ወጣት በሁለት ምርኩዝ ሲመጣ አየን። ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ እግሮቹ መቀስ እንደሚመስል ይጠላለፋሉ፣ የሚረግጠው በጣቶቹ ጫፍ ነው። ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ። ከዚያ በኋላ አበባውን በዚያው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

አሁን ገበሬው ለምን እንደሚዘራው ልንገራችሁ። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ አውቄው ቢሆን ይህን ንግግር አላደርግም ነበር።

በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ጥቁርና ከባድ ሸክላ አፈር ነው። እኛ አካባቢ ዋልካ እንለዋለን። ዋልካ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይተኛበታል፤ ብዙ ሰብል ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል፣ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ፣ ውኃው ሸሽቶ እርጥበቱ በአፈሩ ሆድ የሚቀርበት አጭር ጊዜ አለ። ገበሬው የሚጠብቀው ያንን ነው። ጓያ ለዚያ ጊዜ የተፈጠረ ይመስላል። ጭቃ ላይ ቢበተን ይበቅላል። አንድ ጊዜ በታረሰ መሬት፣ አንዳንዴም ሳይታረስ ይይዛል። ፎገራ ላይ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እርጥበቱ ሳይሸሽ እዚያው መሬት ላይ ይዘሩታል። ዝናብ ሳያገኝ በቀሪው እርጥበት ብቻ አብቦ ጥርና የካቲት ላይ ይደርሳል።

ጥቅሙ በፍሬው ብቻ አያበቃም። ጓያ እንደ ሽምብራና እንደ ምስር ከሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አሉት፤ በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ። ስለዚህ ከጓያ ቀጥሎ የሚዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ ያምርበታል። ገበሬው ስለ ባክቴሪያ አልተማረም፤ ነገሩን ግን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ገለባው ደግሞ የበሬ ቀለብ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሣር በሌለበት፣ የእርሻ ሥራ በሚጀመርበት ሰዓት፣ በሬው በምን ኃይሉ ቀንበር ይሸከማል? የጓያ ገለባ ባይኖር ብዙ በሬ ለሰኔ አይደርስም።

ባሕር ማዶ ይህ ሐሳብ የራሱ ስም አለው። ክረምት ስንል እኛ ዝናብ ነው የሚታየን፤ አውሮፓዊ ክረምት ሲል ውርጭና በረዶ ይታየዋል። እዚያ ገበሬው ስንዴውን ካጨደ በኋላ መሬቱ ራቁቱን እንዳይከርም አጃ ወይም ቬች ይዘራበታል፤ ሽፋን ሰብል ይሉታል። አፈሩ በጎርፍ አይጠረግም፣ ማዳበሪያው ሰርጎ አይጠፋም፣ በጉም ሣር በጠፋበት ወራት የሚበላው ያገኛል። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዟ ኖርፎክ ስንዴን፣ ተርኒፕን፣ ገብስንና እኛ ማገጥ የምንለውን ክሎቨርን በየዓመቱ እያፈራረቀች መዝራቷ በእርሻ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ተብሎ ይጠራል። መሬት ጦም ማደሩ ቀረ፤ ከብት ክረምቱን ተሻገረ፤ ፍጉም ወደ ማሳው ተመለሰ። የእኛ ገበሬ ችግሩ ውርጭ ሳይሆን ድርቀት ነው እንጂ የሚያስበው ያንኑ ነው፤ ሰብል ከተነሣ በኋላ መሬቱ ባዶውን አይደር፣ ከብቱም አይራብ። ለዚህ የተገኘለት መልስ ጓያ ሆነ። ችግሩ ሰውም መብላቱ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

ከተመረቅሁ በኋላ የተመደብኩት አንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። መጋቢት ላይ አንድ አባት የ17 ዓመት ልጃቸውን በበቅሎ ጭነው አመጡ። ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማታ ሮጦ ወደ ቤት ሲገባ ጉልበቱ እንደከዳው ነገረኝ። መረመርኩት። የእግሩ ጡንቻ ገትሯል። ጉልበቱን በመዶሻ ነካ ሳደርገው እግሩ ተስፈነጠረ። ቁርጭምጭሚቱ ያለማቋረጥ ተንቀጠቀጠ። የውስጥ እግሩን ስጭረው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተነሣ። ስሜቱ ግን ደኅና ነው፤ እጁ፣ ንግግሩ፣ አእምሮው፣ ሽንቱ ሁሉ ደኅና ነው። «ምን ስትበሉ ነበር?» አልኩ። አባትየው «ዘንድሮ በረዶ ጤፉን ጨረሰው፤ ያለን ጓያ ነው» አሉ።

ምርመራው ትክክል ነበር። ኒውሮላቲሪዝም ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ልክ እንደ ጎበዝ ተማሪ ሁሉንም አስረዳሁ። በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰው ለሁለትና ሦስት ወር ከምግቡ ሲሶ በላይ ጓያ ብቻ ከሆነ፣ መርዙ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። ጉዳቱ ከወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። የተጎዳው አይመለስም፤ መብላቱ ከቆመ ግን እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ከዚያም ኮራ ብዬ፦

«አባቴ፣ ከእንግዲህ ጓያ እንዳይዘሩ» አልኳቸው።

እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም ብለው አዩኝ። «እንዳልሽ ይሁን ልጄ» አሉ። «ታዲያ ምን ልዝራ?»

መልስ አልነበረኝም። «ሌላ ነገር ይዝሩ» አልኩ። «መሬቱ ዋልካ ነው እኮ» አሉኝ። «ሽምብራ ብዘራ ውኃው ሳይሸሽ ከሆነ ይበሰብሳል፤ ቢበቅልም መንገደኛው እሸቱን ይጨርሰዋል። ባቄላ አይችለውም። መሬቱን ጦም ባሳድረው በሬዬ ምን ይብላ?» ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነበር። «ግድ የለም፣ የግብርና ሠራተኞቹን ይጠይቁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከ6 ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በበቅሎው ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን ሌላ ነበር። ታናሽየው ነው፤ 13 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የታናሽየውን እግር ስመረምር ምን እንዳጠፋሁ ገባኝ። የሚቀጥለውን ዓመት ማሳ አወገዝኩ እንጂ የዚያን ምሽት እራት አልጠየቅኩም። ጎተራው ውስጥ ከጓያ በቀር ምንም አልነበረም። አዝመራው ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። እኔ «እንዳይዘሩ» ስላቸው ጓያው ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገብቷል። እቤት ስንት ልጅ እንዳለ አልጠየቅኩም። እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትበሉት ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ የሚባል ነገር ነበር።

የሚባለው ነገር ምን መሰላችሁ? ይህን በሽታ ያጠኑት የእኛው ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አንድ የላቲሪዝም ወረርሽኝ ጽሑፍ አውጥቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደንብያንና ፎገራን ቤት ለቤት ያጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያም ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት ከ2,000 በላይ ሰው በተጎዳበት ወረርሽኝ ላይ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጥናት ላንሴት ላይ ወጥቷል። ከጥናቶቹ የሚገኘው ትምህርት ለአንዲት እናት በ5 ደቂቃ ሊነገር የሚችል ነው። ጓያን ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት አድርጎ መብላት አደጋውን ይጨምራል። ከእህል ጋር አደባልቆ መብላት አደጋውን ይቀንሳል፤ እህሉ ጓያ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ይሞላል። ሽሮው ሲሠራ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መግባቱም ይረዳል። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከፊሉን ያስወጣዋል።

እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልነገርኩም። በረሃቡ ወራት ደግሞ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እረኛው ልጅ ኪሱን በጓያ ቆሎ ሞልቶ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጥመው እሱን ነው። ሽንኩርት ለመግዛት ገንዘብ የለም። ለመዘፍዘፍ ውኃው ሩቅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ብቻውን አይበቃም፤ አብሮ እህል መድረስ አለበት። በአንድ ቤት ጎተራ ውስጥ ከጓያው ጋር የሚደባለቅ ጥቂት ኩንታል ስንዴ ወይም ማሽላ መኖርና አለመኖር፣ የዚያን ቤት ልጆች እግር ይወስናል።

ሌላም ነገር አለ። ሕዝቡ በሽታው ከጓያ እንደሚመጣ ያውቃል። «ጓያ ሰበረው» ይላል። ግን ብዙዎች የሚሰብረው የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ነው፣ ወይም ገለባው ላይ መተኛት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ከእንፋሎቱ ይሸሻሉ፣ ቆሎውን ግን ይበላሉ። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኔም በልጅነቴ ስቄያለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ሰዎቹ ልጆቻቸውን ለመጠበቅ የሚችሉትን ሁሉ እያደረጉ ነው። ጥበቃው በተሳሳተ በር ላይ ቆመ እንጂ። በሩን ማሳየት ደግሞ የእኛ ሥራ ነበር።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ሰዓሊው ጎያ በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ማድሪድ ላይ በደረሰው ረሃብ ሰዎች የጓያ ገንፎ ዙሪያ ተሰብስበው፣ አንዲት ሴት እግሯ ተይዞ ወለል ላይ ተኝታ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። የሰዓሊው ስም ከሰብሉ ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ አትሳቁብኝ። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን የአንድ ሐኪም ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ ሮማንያ ትቆጣጠረው በነበረው ትራንስኒስትርያ ውስጥ ቫፕኒያርካ የሚባል የአይሁድ እስረኞች ማጎሪያ ነበር። ለእስረኞቹ በየቀኑ የሚሰጣቸው ለከብት መኖ የተከማቸ ጓያ ነበር። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ ዶክተር አርተር ኬስለር ነበር። መድኃኒት የለውም፣ ላቦራቶሪ የለውም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ምንድን ነው የምንበላው? መልሱን ካገኘ በኋላ እስረኞቹ ያንን ምግብ አንበላም አሉ፤ በስተመጨረሻም ምግቡ ተቀየረ። ኬስለር ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ገብቶ እነዚያን ሕመምተኞች ለዓመታት ተከታትሏል። እኔ ስቴቶስኮፕም ካርድም ወንበርም ነበረኝ። ያልነበረኝ የእሱ ጥያቄ ነው።

ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ፤ «ታዲያ ምን ልዝራ?» የሚለው ለዓመታት ከጆሮዬ አልጠፋም። በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጄን አስቀምጬ እንደ ተማሪ ጠየቅሁት። ያስተማረኝን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እዚህ ያላችሁ የግብርና መምህራን ብሳሳት አርሙኝ።

አንደኛ፣ መርዙ ያነሰ የጓያ ዝርያ በአገራችን ምርምር ተለቋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ጓያ ከጎረቤት ማሳ ጋር በንብ ይዳቀላል፤ ገበሬው በየዓመቱ ከራሱ ጎተራ ዘር ከወሰደ መርዙ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ድርቅ ሲበረታና አፈሩ ዚንክ ሲያንሰው ደግሞ የመርዙ መጠን ይጨምራል። ይኸውም ጓያ ይበልጥ የሚመረዘው ሰው ይበልጥ በሚራብበት ዓመት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃው ቶሎ ከተንጣፈፈ ዋልካ ሌላ ሰብል ይችላል። ሰፊ መደብ አውጥቶ በመካከሉ ቦይ መክፈት፣ ክረምቱ ላይ ስንዴ ቀደም ብሎ እንዲዘራ፣ ከዚያም ሽምብራ ወይም ምስር በቀሪው እርጥበት እንዲከተል ያስችላል። እንዋሪ አካባቢ የጥቁር አፈር ገበሬ በእጁ መደብ እያወጣ ስንዴ ማምረቱ የታወቀ ነው። ሽምብራው ግን ብቻውን አይዘራም። አንድ ሰው ብቻ ከዘራ እሸቱን መንገደኛና ከብት ይጨርሰዋል፤ ጎጡ በሙሉ ከተስማማ ግን ይጠበቃል። የአባትየው ችግር እውቀት ማጣት ሳይሆን ብቻቸውን መሆናቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ለከብት ተብሎ የሚዘራ መኖ አለ። ቬች ከአጃ ጋር ተደባልቆ ይዘራል፤ ወይም በቆሎው መካከል ቬችና ላብላብ ይገባና በቆሎው ከተነሣ በኋላ መሬቱን ሸፍኖ ይቆያል። የቬች ፍሬ የሰው ምግብ ስላልሆነ ያ የእረኛ ቆሎ ነገር የለም። ታዲያ ገበሬው ለምን አይዘራውም? ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ለሰው የማይበላ ነገር አይዘራማ! ወተቱን የሚገዛው ሲያገኝ፣ ወይም የሚያደልበው በሬ ዋጋ ሲያወጣ ነው የሚዘራው። ደግሞም ከታኅሣሥ በኋላ ከብቱ ሁሉ በልቅ ስለሚለቀቅ፣ የአንዱ ሽፋን ሰብል የሁሉም ግጦሽ ነው። ይህም የስምምነት ጉዳይ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም።

አራተኛ፣ ትንሽ የሚመስል ነገር። ጓያም ሆነ ሽምብራ የሚሰበሰበው ተነቅሎ ነው። በማጭድ ቢታጨድ ሥሩና ናይትሮጅኑ በከፊል አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለእሳት፣ ሥሩም ተነቅሎ የሚሄድ ከሆነ ለመሬቱ ምን ተረፈ?

ይህን ሁሉ ስሰማ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ «ጓያ አትዝሩ» የሚል ሐኪም ከገበሬው ላይ አራት ነገር በአንድ ጊዜ እየወሰደ መሆኑን ነው፤ የበሬውን ቀለብ፣ የመሬቱን ማዳበሪያ፣ የበጋውን ሰብልና የክፉ ቀን መያዣውን። በምትኩ የሰጠሁት ነገር የለም። እሳቸው «እንዳልሽ ይሁን» ያሉኝ ስላከበሩኝ ነው እንጂ ስለሚያደርጉት አልነበረም።

ጓዶች፣ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ይህ በሽታ ጓያ በተዘራበት ዓመት ሁሉ አይመጣም። የሚመጣው ጓያ ብቻ በቀረበት ዓመት ነው። ጤፉን በረዶ ሲመታው፣ ገብሱ በድርቅ ሲቀር፣ ሜዳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጓያ ብቻ ይሆናል። ያ የሚታየው በጥቅምትና በኅዳር ነው። እግሩ የተያዘው ልጅ ግን ወደ እኛ የሚመጣው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። በመካከሉ አራት ወር አለ! የትኛው የነርቭ በሽታ ነው አራት ወር ቀድሞ ከመኪና መስኮት የሚታየው? ማሳው ቀድሞ ይነግረናል። እኛ ግን እያየነው ፎቶ አንሥተን እናልፋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛው ለመምህሮቻችን ነው። ተማሪዎች ኅዳር ላይ ገጠር ሲወርዱ ከግብርና ተማሪዎች ጋር አንድ ቀን ማሳ ይዙሩ። በየቀበሌው ምን እንደቆመና ምን እንደጠፋ ይመዝግቡ። ጓያ ብቻ የቀረበት ቀበሌ ስም ለወረዳው ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይድረስ። ይህ ለአንድ ቀን የእግር መንገድ ካልሆነ በቀር በጀት አይጠይቅም።

ሁለተኛው በየወረዳውና በየዞኑ ኃላፊነት ላይ ላላችሁ ጓደኞቼ ነው። የእርዳታ እህል ሲከፋፈል፣ ጓያ ያለው ቤት «እህል አለው» ተብሎ ከዝርዝር አይውጣ። ጎተራው ጓያ ብቻ የሆነ ቤት ሙሉ ጎተራ ይዞ አደጋ ላይ ያለ ቤት ነው። የሚደባለቅ እህል መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ለእሱ ነው።

ሦስተኛው ለሐኪሞች ነው፤ ለራሴም ጭምር። አንድ እግሩ የተያዘ ልጅ ሲመጣ፣ ካርዱን ከመዝጋታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። «እቤት ሌላ ማን አለ?» «ዛሬ ማታ ምን ትበላላችሁ?»

አባትየውን ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን ጠርተው ሳሙኝ። ከመሬታቸው ግማሹን ሽምብራ ዘርተው ነበር፤ ከዚያም ግማሹ በሥር በሽታ ደርቆባቸዋል። የቀረውን ጓያ ዘርተውታል። «በሬው አለ እኮ ልጄ» አሉኝ። ሚስታቸው ግን ጓያውን ከማሽላ ጋር ማስፈጨት ጀምረዋል፤ ቆሎውንም ከልጆች አርቀው ይሰቅሉታል። ታናሽየው ቶሎ ስላቆመ በአንድ ምርኩዝ እየሄደ ትምህርት ቤት ተመልሷል። ትልቁ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና አግኝቷል፤ የመኪናውን ፔዳል የምትረግጥለት እኅቱ ነች። እሷ ስትረግጥ እሱ ጨርቁን ይመራል። አንድ ነጠላ ጥለቱን አስተካከለልኝና ገንዘብ አልቀበልም አለ። ተከራክሬ ከፈልኩት።

«ታዲያ ምን ልዝራ?» ለሚለው ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ለእሱ መልስ የሚሰጡት ሐኪሙ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የወረዳው አስተዳዳሪና የጎጡ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ከአስተዳዳሪዎቹ፣ ከሐኪሞቹና ከግብርና ባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። ምሳ ላይ ከየዓመት ምሩቃኑ ጋር ብቻ አትቀመጡ፤ የማታውቁት ሙያ ያለው ሰው አጠገብ ተቀመጡና ጠይቁት። ወደየቤታችሁ ስትመለሱም በመንገዱ ዳር ያለውን ሜዳ ተመልከቱ። አረንጓዴው ምን እንደሆነ፣ አጠገቡም ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩን እዩ።

ለከርሞ በጤና ያገናኘን።